ግዝቱን ላለመስማት

የፍልሰታ ጾም ነበር፣ እሑድ ቀን። ቅዳሴው እንዳለቀ አረጋዊው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ሕዝቡ ዞሩና «ማንም እንዳይወጣ፤ ግዝት አለ» አሉ። ሕዝቡ መውጣት የጀመረው ያኔ ነው።

የሮጠ የለም። ሁሉም ምክንያቱን በፊቱ ላይ እያሳየ ቀስ ብሎ ወጣ። አንዱ ሆዱን ያዘ። አንዷ ያላለቀሰ ልጅ እሹሩሩ እያለች አለፈች። ጋቢ የደረበ ጎልማሳ ስልኩን አወጣና ማንም ሳይደውልለት «አቤት፣ አቤት፣ አይሰማም» እያለ ወደ በሩ አመራ። ከሴቶቹ በኩል ታላቅ እኅቴ ተነሣች። በአጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ ብላ «ሱቁን ሳልቆልፍ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ሱቁን ጠዋት የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ሰው ከጥያቄ ሲሸሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባለሥልጣን በጓሮ በር ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሐኪም «ስብሰባ ላይ ነኝ» ሲል ከበሩ ማዶ ሆኜ ሰምቻለሁ። እነዚህ ከእኔ ነው የሸሹት። ከእግዚአብሔር ፍርድ ለመራቅ ሲሉ በጭቃ ላይ መርገጫቸውን እየመረጡ የሚራመዱ ሰዎች ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። አስጠላኝ። የሻገተ እንጀራ ሳላይ ጎርሼ፣ አፌ ውስጥ ከገባ በኋላ ያወቅኩት ያህል አስጠላኝ።

ለማያውቅ አንባቢ ግዝት ምን እንደሆነ ልናገር። በእኛ በኩል አንድ ነገር ሲሰወር፣ ያየ ሰው አልናገር ሲል፣ ተበዳዩ ቄሱን ግዝት ይለምናል። ቄሱም በሕዝብ ፊት መስቀል ይዞ «አይቶ የሸሸገ፣ ሰምቶ ዝም ያለ ውጉዝ ይሁን» ይላል። ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ከዚያ በኋላ እያወቀ ዝም ያለ ሰው በሰማይ ፍርድ ስር ነው። ይህ ትምህርት ነው። ከትምህርቱ ጎን ግን ከተማው ለራሱ የፈጠረው ሌላ እምነት አለ፦ ግዝት የሚይዘው የሰማውን ነው። በጆሮህ ካልገባ አይደርስብህም። ስለዚህ የሚያውቅ ይወጣል፤ የማያውቅ ቁጭ ብሎ «አሜን» ይላል። ይህን እምነት በየትኛውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ አላገኘሁትም፤ ጠይቄያለሁ።

እኔ የምኖረው አምቦ ነው። እኅቴ የምትኖርባት ከተማ ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በግራና በቀኝ ሱቅ የተደረደረባት ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም። ያን ዓመት የዕረፍት ፈቃዴን ወስጄ እሷ ዘንድ ሄጄ ነበር። የደረስኩ ዕለት፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ የሱቁን መጋረጃ ሳብ አድርጋ ያየችውን ነገረችኝ።

ነገሩ የሆነው ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ የገበያ ቀን ሊመሽ ሲል ነው። ጎጆ ከምትባለው ከተማ በኩል፣ ከደጋው፣ ድንች በአህያ ጭነው የመጡ ሽማግሌ ሸጠው ወደ ማደሪያቸው ሲሻገሩ ጉም ወርዶ ነበር። አንድ አይሱዙ መጣና ገጫቸው። መኪናው ቆመ። ነጂው ወረደ፤ አየ፤ መልሶ ገባና ሄደ። ነጂውን እኅቴ ለይታዋለች። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር፣ የእድሩ ዳኛ፣ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው። መኪናው የራሱ ነው። በመንገዱ ዳር ሱቃቸውን ሊዘጉ የነበሩት ሁሉ አይተዋል።

ከእሱ ቀጥሎ አንድ ባጃጅ መጣ። ባለባጃጁ ወጣት ነው፤ የደንዲ ገበሬ ልጅ፣ አግብቶ እዚሁ የሰፈረ። ሽማግሌውን ብቻውን አንሥቶ ወንበሩ ላይ አስተኛና ወደ ጤና ጣቢያ ከነፈ። ሽማግሌው መንገድ ላይ ሞቱ። ፖሊስ ሲደርስ ያገኘው ደም የነካው ባጃጅና ደም የነካው ሰው ነው። የባጃጁ አንድ የፊት መብራት ከድሮም የተሰበረ ነበር፤ ያም ማስረጃ ሆነ። ወጣቱ ታሰረ። ፖሊስ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ጠየቀ። ሁሉም «ጓዳ ነበርኩ» አለ። እኅቴም ጓዳ ነበርኩ ብላለች።

«እና ለምን ትነግሪኛለሽ?» አልኳት።

«እንድትጽፈው ነዋ።»

«ማን አለ ብዬ?»

«ምንጮች ገለጹ በል። ሁልጊዜ ትሉ የለም?»

«እትዬ፣ እኔ አላየሁም። አንቺ ነሽ ያየሽው። ፖሊስ ጣቢያው ከዚህ ይታያል።»

«ይታያል! እድሩስ አይታይህም? ነገ ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ማን ነው? አንተ ከአምቦ ድንኳን ተሸክመህ ትመጣለህ?» መጋረጃውን መልሳ ገፋችው። «እግዜርማ ይምራል፤ እድር ነው የማይምረው።»

ይህን የተናገረችው ሴት የፍልሰታን ጾም በጥሬ የምትጾም፣ የቀን ቅዳሴ የማያመልጣት ናት። በደብሩ ግድግዳ ላይ የመጨረሻው ቀን ፍርድ ተሥሏል፤ ከልጅነቷ ጀምራ ሥዕሉን እየተሳለመች አድጋለች። በዚያ ሥዕል ላይ ሁሉም ሰው ራቁቱን፣ ለየብቻው ነው የቆመው። ድንኳን የተተከለለት አላየሁበትም።

የእስረኛው ሚስት በየቀኑ በሱቁ ፊት ታልፋለች። ልጅ ታዝላለች፤ በእጇ በፌስታል የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ ይዛለች። እኅቴ ትጠራታለች። «ነይ፣ ይችን ዳቦ ውሰጂለት፤ ትኩስ ናት።» ወጣቷ ሚስት ዳቦውን በሁለት እጇ ትቀበላለች። «እግዜር ይስጥልኝ አዴ፤ እግዜር ከክፉ ይሰውርዎት» ትላለች። አዴ ማለት በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የሚከበርበት መጠሪያ ነው። እኅቴ «አሜን፣ አሜን» ትላለች። ይህን ከመደርደሪያው ጥግ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ዳቦው ትኩስ ነው፤ እውነት ነው። ምርቃቱም ከልብ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን እኔ ሻይ መጠጣት አልችልም ነበር።

የታሳሪው ወሬ በየሱቁ ደጃፍ ይወራል። የሚወራው ስለ ገጪው አይደለም። ስለ አንሺው ነው።

«ማን አንሣ አለው?» ይላል ዕቃ ሊገዛ የገባ ልብስ ሰፊ።

«ደግነቱ ነዋ» ትላለች ጎረቤት።

«ደግነት! ባጃጁን አምቡላንስ አደረገው። ይኸው ደረጃ እድገት ሰጡት!»

ይሣቃሉ። ሲጨርሱ አንዳቸው ይተነፍሱና «እግዜር ይፈርዳል» ይላሉ። ሌላው በኦሮምኛ «ዋቅኒ ኒ አርጋ» ይላል፤ እግዜር ያያል ማለት ነው። ያኔ ወሬው ይዘጋል። በሥራዬ ይህን ቃል ከተበደሉ ሰዎች አፍ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሌላ የሚሉት ስለሌላቸው ይሉታል። እዚህ ግን የሚሉት ሌላ ያላቸው ናቸው። የሚሉትን ላለማለት ሲሉ ፍርዱን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ከዚያ እጃቸውን አራግፈው ዘይት ይገዛሉ።

ወደ መርማሪው ሄጄ ነበር። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ።

«አንተ አይተሃል?» አለኝ።

«አላየሁም። ያዩ ግን አሉ፤ ሱቆቹን ደግማችሁ ጠይቁ።»

«ጠይቀናል። ጓዳ ነበርን ነው የሚሉት። በዚህች ከተማ ሲመሽ መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰው የለም መሰለኝ፤ ሁሉም ጓዳ ነው።» ፈገግ አለ። «ምስክር አምጣልኝ፤ ዛሬውኑ ቃሉን እቀበላለሁ። አስገድጄ ግን ከሰው አፍ ውስጥ ቃል አላወጣም።»

ለእኅቴ ነገርኳት። «ጾም ነው፤ አታናግረኝ» አለች።

ሚስቲቱ ወደ አረጋዊው ቄስ የሄደችው ይሄኔ ነው። ግዝቱን የለመነችው እሷ ናት። ቄሱም እሺ አሏት።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። እኅቴና ሌሎቹ ከወጡ በኋላ የቀረነው በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመን ነበር። ሊቀ መንበሩ ከካህናቱ አጠገብ ነበር፤ እሱ አልወጣም። የታጠበ ነጭ ጋቢ ለብሷል። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጥፏል። ቄሱ «በዚያ ቀን በመንገድ ላይ የሆነውን አይቶ የሸሸገ፣ ያደረገም፣ ውጉዝ ይሁን» አሉ። ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያየሁት ነበር። ከሁሉ ቀድሞ «አሜን» አለ። ጮክ አድርጎ ነው ያለው። ለሕዝቡ ምሳሌ እንደሚሆን ሰው።

ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ፤ ውሸታም ቢያንስ ይደነግጣል። እሱ አልደነገጠም። ከዚያ በኋላ ጃንጥላ ይዞ ቄሱን ከዝናብ እያስጠለለ ሸኛቸው።

አንድ ነገር ግን ሸሺዎቹ ረስተው ነበር። ደብሩ ድምፅ ማጉያ አለው። ያስገዛው ይኸው ሊቀ መንበር ነው፣ ለስለቱ። አራት አፍ ያለው ትልቅ ማጉያ ከግቢው ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ስብከት ሲኖር እስከ አስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ያን ቀን ማንም አላጠፋውም። ስመለስ እኅቴ በተቆለፈው ሱቅ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ የምትገባበት አልነበራትም። ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠቅልላለች።

«ማነው እስከዚህ ያስጮኸው?» አለችኝ።

«ለስብከት የተገዛው ነው።»

«ለስብከት ከሆነ ለስብከት ይጠቀሙበታ! ሰው በቤቱ አይቀመጥም? ሰላም የለም?»

«ሰማሽው?»

«ምኑን?»

«ግዝቱን።»

ቁልፉን ከእጄ ነጥቃ በሩን ከፈተች። «ግማሹን» አለች። «ነፋስ ነበር።»

በማግሥቱ ንስሐ አባቷ ሱቁ መጡ። አልጠራቻቸውም ማለት አልችልም፤ አስጠርታቸዋለች። እሳቸው ያን ግዝት የገዘቱት ቄስ አይደሉም፤ ሌላ፣ ወጣት ካህን ናቸው። ጓዳ ገቡ። ሲወጡ መስቀል አሳልመዋት ሄዱ። እኅቴ ፊቷ ተፈትቶ ነበር። ስግደት እንዳዘዙላትና እንደፈቷት ነገረችኝ። ልብስ ሰፊውም ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዷል፤ ያ ስልክ ያልጮኸለት ጎልማሳም። በሰፈሩ የስግደት ወራት ሆነ። ጉልበታቸውን እያሹ ሲገናኙ ይተያያሉ፤ አይነጋገሩም።

ይህን ለአረጋዊው ቄስ ነገርኳቸው፤ የሰው ስም ሳልጠራ። ከቤታቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ይፈታል እንዴ፣ አባ?»

«በምን?»

«በስግደት።»

«ስግደት ጉልበት ይፈታል» አሉኝ። ቀልዳቸው ለራሳቸውም አልጣማቸውም፤ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ግዝቱ ተናገሩ ነው የሚለው። ሲናገሩ ይፈታል። እኔ ሌላ መፍቻ አልሰጠሁትም። ይኼ እስከ ምጽአት ይቆየን የሚሉት ነገር...» እጃቸውን እንደ ዝንብ አባራሪ አወናጨፉ። «እዚያ ስትደርስ ጓዳ ነበርኩ አይባልም፣ ልጄ።»

ሊቀ መንበሩ ምን እንዳደረገ እንደማያውቁ ከአነጋገራቸው ተረዳሁ። ልነግራቸው እችል ነበር። አላየሁምና አልነገርኳቸውም።

በዚያው ሳምንት፣ ዝናብ እየጣለ፣ የእስረኛው ሚስት መጣች። ዳቦውን ይዛ ነው የመጣችው። ከሦስት ቀን በፊት እኅቴ የሰጠቻት ዳቦ ነው፤ አልተቆረሰም፤ በዚያው ፌስታል ውስጥ ነው። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው ልጄ፣ አልበላም አለ?» አለች እኅቴ።

«አልሰጠሁትም።»

«ምነው?»

ልጅቷ ያዘለችውን ልጅ ከፍ አድርጋ አስተካከለች። ተረጋግታ ነው የተናገረችው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ቢሆንም ቃል አልጠፋባትም። «እሑድ ዕለት ከበሩ ውጭ ነበርኩ፣ አዴ።»

እኅቴ ያን ቀን ስትወጣ ልጅቷን አይታታለች። ሁሉም አይተዋታል። ሴት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ የምትቆምበት ቀን አለ፤ ስለዚህ ማንም ምን ትሠሪያለሽ አላላትም። «እግዜር ይማርሽ» እያሉ፣ አንገት እየሰበሩ አልፈዋታል።

«ግዝቱን ለመስማት አልነበረም የመጣሁት» አለች። «ማን እንደሚወጣ ለማየት ነው። ያላየ ሰው ምን ብሎ ይወጣል? ሁሉንም ቆሜ አየሁ። ልብስ ሰፊው። ያ ስልክ የያዘው። እርስዎም።»

«እኔ ሱቁን...» አለችና እኅቴ ወደ እኔ አየች። እኔ መደርደሪያውን አየሁ።

«ልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ ነበር» አለች ልጅቷ። «እግዜር ይፈርዳል አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ቤቴ ገባሁና አሰብኩ። ለእግዜር ከሰጠሁት መቼ ነው የሚፈርደው? ባሌ እስከዚያ እዚያው ነው?» አሁን ድምፅዋ ትንሽ ከፍ አለ። «እርስዎን ለእግዜር አልሰጥዎትም፣ አዴ። እርግማንም የለኝም። እግዜር ይምርዎታል፤ ደግ ነው። እኔ የምሰጥዎት ለመርማሪው ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮው አለ። ዳቦውን ግን ከእንግዲህ አልወስድም።»

እኅቴ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ እንደነበረች ቀረች። ስድብ ብትሰማ ኖሮ መልስ ነበራት፤ እርግማን ቢሆን ታለቅስ ነበር። ልጅቷ ነጠላዋን ሕፃኑ ላይ አልብሳ ወጣች። ሳትቸኩል፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ጣቢያው በኩል ሄደች፤ ምሳ ዕቃው በእጇ ነበር።

«ሰማህ?» አለችኝ እኅቴ።

«ሰማሁ።»

«ምን ልሁን ነው የምትለው? ሰው ፊት ልታዋርደኝ...»

ዳቦው ባንኮኒው ላይ ነበር። እርጥበት ገብቶት ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ጀምሮታል። እኅቴ አንሥታ ልትጥለው ነካችውና መልሳ አስቀመጠችው። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደጋግማ ጠረገች።

«ዝናቡ አቆመ?»

«አላቆመም» አልኳት።

ሽርጧን ፈታች። ጃንጥላ ፈለገች፤ እኔ ከበሩ ኋላ አንሥቼ ሰጠኋት። «አትከተለኝ» አለች። አልተከተልኳትም። ከሱቁ በር ሆኜ ስታልፍ አየሁ፤ የልብስ ሰፊውን ሱቅ ስታልፍ ሰውየው የስፌት መኪናውን አቁሞ አንገቱን አወጣ።

መርማሪው ቃሏን በዚያው ቀን ተቀበለ። ከዚያ ያለው የሚያኮራ አይደለም። በማግሥቱ ልብስ ሰፊው «እኔም አይቻለሁ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ስልክ የያዘው። ከዚያ ጎረቤቷ። አንድ ሰው በር ሲከፍት ሌላው ያለ ጣጣ እንደሚገባ ሁሉም ገቡ፤ ሲወጡም ምስክርነታቸውን በየሻይ ቤቱ እንደ ጀብዱ አወሩት። ልመሰክር የተነሣሁት ከስግደቱ በፊት ነበር የሚልም ሰማሁ። አይሱዙው ከአንድ ግቢ ተሸፍኖ ተገኘ። ሊቀ መንበሩ ሲያዝ «ዳኛዬ እግዚአብሔር ነው» ማለቱን መርማሪው ነገረኝ። «እኔስ ምን ልበለው?» አለኝ፤ «እሺ፣ እስከዚያ ግን ይፈርሙልኝ አልኩት።»

ወጣቱ ሲፈታ ከተማው ቤቱ ሄደ። እኔም ከእኅቴ ጋር ሄድኩ። ጠባብ ቤት ነው፤ ሰው በሩ ላይ ጭምር ቆሞ ነበር። ቆሎ ተዘርግቷል። ባለባጃጁ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። እነዚያ ጓዳ የነበሩት ሁሉ እየገቡ ጉንጩን ሳሙት። ልብስ ሰፊው ከሁሉ በላይ ጮኾ፣ «እንኳን እግዜር አስፈታህ! እግዜር አይተኛም አላልኩም?» አለው።

ወጣቱ ቀና ብሎ አየው።

«እግዜርማ አላሰረኝም» አለ።

ቤቱ በሣቅ ሞላ። የቀለደ መሰላቸው። ልብስ ሰፊው ጉልበቱን እየመታ ሣቀ፤ «ይቺን ይወዳል፣ እስር ቤት ጨዋታ አስተምሮት መጣ!» አለ። ቆሎው ዞረ። እፍኝ እፍኝ እያነሡ ይበሉ ጀመር። ቆሎውን ይዛ የምትዞረው ሚስትየው ናት፤ እኅቴ ጋ ስትደርስ ሳህኑን እንደ ማንም ዘረጋችላት፤ ምርቃት የለም፣ እርግማን የለም።

እኅቴ አልሣቀችም። እጇን ዘርግታ ትንሽ ቆሎ አነሣች። ወደ አፏ ግን አላደረሰችውም፤ እስክንወጣ ድረስ በጡጫዋ ይዛው ነበር።